ጽሑፉ ከፊደሉ ጋር ይጓዝ

በሕትመትና በሥልጠና ሰነድ ዝግጅት ለሚያገለግሉ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለብዙዎች ትንሽ ይመስላል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተዘጋጀ ሰነድ በሌላው ሲከፈት «ፎንቱ አልተገኘም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ሳይነበብ ይዘጋል። ነገር ግን ለውኃ ኮሚቴ አባላት በተዘጋጀ መመሪያ ውስጥ የክሎሪንን መጠን የሚገልጸው መስመር ከገጹ ቢጠፋ፣ ነገሩ ከፊደል ውበት አልፎ የሰው ጤና ጉዳይ ይሆናል።

መስመሩ እንዴት ይጠፋል? ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ ያሰፈረው ፊደል ከብራናው አይለይም፤ ብራናው በደረሰበት ሁሉ አብሮ ይደርሳል። የገጽ ቅንብር ፋይል ግን ቃላቱንና የፎንቱን ስም ይይዛል እንጂ ፎንቱን ራሱን አይዝም። ተቀባዩ ኮምፒውተር በዚያ ስም የሚጠራ ፎንት ከሌለው በሌላ ይተካዋል። ተተኪው ሰፋ ያለ እንደ ሆነ መስመሮቹ ይገፋሉ፤ የመጨረሻው መስመርም ከጽሑፍ ሳጥኑ ውጭ ሆኖ ሳይታተም ይቀራል።

ይህ ችግር ሦስት መልክ አለው፤ መፍትሔውም እንደ መልኩ ይለያያል።

የመጀመሪያው ፎንቱ በኮምፒውተሩ ላይ አለመኖሩ ነው። ኢንዲዛይን በተተኪ ፎንት የተጻፈውን ክፍል በሮዝ ቀለም ያሳያል፤ የጎደለውን ስም ደግሞ ፎንት በሚፈለግበትና በሚተካበት መስኮት ውስጥ እናገኘዋለን። ከሁሉ አስቀድመን ስሙን እስከ መጨረሻው እናንብብ። ለምሳሌ ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የወጣ ፎንት ነው፤ በዊንዶውስ 10 ግን በተጨማሪነት የሚጫን በመሆኑ፣ አማርኛ ባልተጨመረበት ኮምፒውተር ላይ ላይገኝ ይችላል። አንዳንድ ጊዜም የጎደለው ደማቁ ዓይነት ብቻ ነው። ወርድ ደማቅ ዓይነት የሌለውን ፎንት በራሱ አወፍሮ ያሳያል፤ ኢንዲዛይን ግን እንዲህ ስለማያደርግ «የለም» ይላል። እንዲህ ሲሆን እንደ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ያለ ደማቅ ዓይነት ያለውን ፎንት መምረጥ ይበጃል።

ሁለተኛው ፎንቱ እያለ አንዳንድ ምልክት ሲጎድለው ነው፤ በምልክቱ ቦታ ባዶ ሳጥን ይታያል። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክና ድፋት ያሉት የዜማ ምልክቶች ግን የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 4.1 እትም ነው። ስለዚህ ፊደሉን በሚገባ የሚያሳይ ፎንት ሁሉ የዜማ ምልክቶቹን ያሳያል ማለት አይደለም። ፎንቱን ደጋግሞ መጫን እዚህ ላይ አይረዳም፤ ምልክቱን የያዘ ሌላ ፎንት መፈለግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የቀድሞ ሰነዶቻችን ችግር ነው። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ አቀማመጣቸውም እንደየሠሪው ይለያይ ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምችት ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ መርጦ በዩኒኮድ ፎንት መለወጥ አያድነውም። በመጀመሪያ የተጻፈበትን ፎንት ስም ለይቶ፣ ለዚያ ፎንት በተዘጋጀ መለወጫ ወደ ዩኒኮድ ማዛወር፣ ከዚያም ከታተመው ቅጂ ጋር ቃል በቃል ማመሳከር ይገባል፤ በተለይም ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን።

ከመፍትሔው ግን መከላከሉ ይቀላል። ፋይል ለባልደረባ ስንልክ በኢንዲዛይን «ፓኬጅ» በሚባለው ትእዛዝ ሰነዱን፣ ሥዕሎቹንና ፎንቶቹን በአንድ ማኅደር እንሰብስብ። «ዶክዩመንት ፎንትስ» የተባለው ንዑስ ማኅደር ከሰነዱ ጎን እስካለ ድረስ፣ ኢንዲዛይን ሰነዱን ሲከፍት በውስጡ ያሉትን ፎንቶች ይጠቀማል፤ ስለዚህ ሰነዱን ከማኅደሩ ነጥለን አንላክ። በገንዘብ የተገዛ ፎንት ከሆነ ለሌላ ማስተላለፍ መፈቀዱን አስቀድመን እናረጋግጥ። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልና የኖቶ ኢትዮፒክ ፎንቶች በነፃ ፈቃድ የሚሰራጩ ስለ ሆኑ፣ ብዙ እጅ ለሚያልፍባቸው ሰነዶች ይመቻሉ።

ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ፒዲኤፍ ደግሞ ፎንቱን በውስጡ መያዝ አለበት። ይህንን በአክሮባት የሰነዱ መግለጫ ውስጥ በፎንቶች ዝርዝር ማየት ይቻላል። ጽሑፉን ወደ ሥዕል መስመር መለወጥ ቅርጹን ያቆያል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ቃሉ አይታረምም፣ አይፈለግምም። ስለዚህ ይህን ስናደርግ የሚታረመውን ዋና ቅጂ ለይተን እናስቀምጥ።

በመጨረሻም፣ ሰነዱ ለሕትመት ከመፈረሙ በፊት ጽሑፉን ያዘጋጀው ባለሙያ ራሱ የመጨረሻውን ፒዲኤፍ እንዲያነብ እንጠይቃለን። የገጽ ቅንብር ሠራተኛው ሳጥኑ መሙላቱን ያያል፤ የክሎሪኑ መጠን መጉደሉን ፈጥኖ የሚያውቀው ግን የውኃ ባለሙያው ነው።