የሲጃራ ጢስና በማኅፀን ያለ ሕፃን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ራሱ መናገር ስለማይችል ሰው ነው፤ ይኸውም ገና በእናቱ ማኅፀን ስላለው ሕፃን ነው።

ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ በአፉ አይበላም፤ በሳንባውም አይተነፍስም። ምግቡንም ኦክሲጅኑንም የሚያገኘው በየእንግዴ ልጁ በኩል ነው። በዚያ የእናትና የልጅ ደም ጎን ለጎን ይፈሳሉ እንጂ አይቀላቀሉም፤ በመካከላቸው ባለው ስስ ሽፋን ግን ምግቡ ወደ ልጁ ያልፋል፤ ቆሻሻውም ወደ እናቲቱ ይመለሳል። አንዳንድ ሰው ይህ ሽፋን መርዝን ሁሉ የሚያግድ አጥር ይመስለዋል። የሲጃራን መርዝ ግን አያግድም።

ከጢሱ ውስጥ በተለይ ሁለት ነገሮች ይጎዳሉ። አንደኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ከሄሞግሎቢን ጋራ ስለሚጣበቅ፤ የኦክሲጅንን ቦታ ይወስዳል። ሁለተኛው ኒኮቲን ነው፤ እርሱም ወደ ማኅፀን ደም የሚወስዱትን ሥሮች ያጠባል። የእንግዴ ልጁም ያለጊዜው ከማኅፀን ግድግዳ መላቀቁ በሚያጨሱ እናቶች ዘንድ ይበዛል፤ ይህም ለእናትም ለልጅም የሞት አደጋ ነው።

እ. ኤ. አ. በ1958 በብሪታኒያ በአንድ ሳምንት የተወለዱ 17,000 ያህል ሕፃናት ተመዝግበው ነበር። በ1972 በወጣው ውጤት መሠረት፤ ከአራተኛው ወር በኋላ ያጨሱ እናቶች ልጆች በአማካይ 170 ግራም ቀለው ተገኙ፤ ሞታቸውም በ28 በመቶ በልጦ ነበር። ከዚያ በፊት ማጨስ የተዉት እናቶች ልጆች ግን ካላጨሱት ልጆች ብዙም አልተለዩም። እንግዲህ መተው ዋጋ አለው ማለት ነው።

«ልጁ ትንሽ ቢሆን ምጡ ይቀላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ሕፃን ያነሰው ተርቦና ታፍኖ ነው፤ ከተወለደም በኋላ ብርድና በሽታ ቶሎ ያጠቁታል።

ሌላው ደግሞ «በአገራችን የሚያጨሱ ሴቶች ጥቂቶች ናቸው፤ ነገሩ አይመለከተንም» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን ባል በቤት ሲያጨስ ነፍሰ ጡሯ ሚስቱ ጢሱን አብራ ትስባለች፤ ይህም የልጁን ክብደት ይቀንሳል። ሺሻም ቢሆን ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። በ2011 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ በየመኖሪያ ቤታችን ግን ዘበኛ ሊያቆምልን አይችልም። የዚያ ዘበኞች እኛው ነን።

ስለዚህ ወንዶች ጓደኞቻችን ሆይ፤ እናቲቱን ከመውቀሳችን በፊት በእጃችን ያለውን ሲጃራ እናጥፋ። የምታጨስ ነፍሰ ጡር ብናገኝም እንድትተው እንርዳት እንጂ አናሳፍራት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።