ከመዶሻው በፊት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ብሎን ነው። አዎ፣ ስለ መኪና ብሎን። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አውጡና ኤርምያስ ምዕራፍ 23 ቁጥር 29 ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ ጠብቁኝ።

ከወልዲያ ተነስታችሁ የድልብን ዳገት ከወጣችሁ በኋላ ጋሸና ትደርሳላችሁ። የላሊበላው መንገድ እዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ወደ ትውልድ መንደሬ ስሄድ የተሳፈርኩባት አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ጋሸና ላይ ዘይት ታንጠባጥብ ጀመር። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። ክራንክ ሻፍት የሚባለው ዋናው የሞተር ዘንግ ጫፉ ላይ ፑሊ አለው፤ ፑሊውን አንድ ትልቅ ብሎን ይዞታል። ከበስተጀርባው ያለችው የዘይት መከላከያ ጎማ አርጅታ ዘይቱ የታይሚንግ ቺንጋውን እያራሰ ነበር። ያ ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተኑ ከቫልቭ ጋር ይጋጫል፣ ሞተሩም አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ ብሎኑ የግድ መፈታት አለበት።

ሾፌሩ መፍቻ ይዞ ገባ። ሲስብ ሞተሩ አብሮ ይዞራል። ተናደደና ይቀጠቅጠው ጀመር፤ የብሎኑን ጠርዝ ከማዶልዶም በቀር የፈየደው የለም። በመጨረሻ "መፍቻውን ሻንሲው ላይ አስደግፌ በሞተሪኖ ልምታው" አለ። ይሄኔ ማተብ በአንገታቸው ያሰሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጡ።

"ተው ልጄ፣ መፍቻው ተፈናጥሮ እጅህን ይሰብረዋል። ስንት ዓመት ሆነው ሳይፈታ?"

"እኔ ከገዛኋት ጀምሮ ነክቼው አላውቅም።"

"እንግዲያስ ምን ይደረግ! ብሎኑ በጣም ጠብቆ ነው የታሰረው፣ ቆይቶም ዝጓል። ጊዜ ብቻውን አያላላውም።"

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ልቤ ተነካ። እኛ በሰው ስንቀየም "ተወው፣ ጊዜ ያበርደዋል" እንላለን አይደል? ታላቅ ወንድሜ በእኔ ከተቀየመ ያኔ 11 ዓመት ሞልቶት ነበር። ጊዜ ምንም አላበረደውም። የአባታችን ተዝካር ቀን፣ አዲስ አማኝ ሆኜ፣ ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ተነስቼ ተናገርኩ። አልበላም ማለቴ አይደለም ጥፋቴ፤ የተናገርኩበት አፍ ነው። ወንድሜን በአባቱ ቤት በሰው ፊት አዋረድኩት። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ ነው የገባሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ተጣልተን ነው የወጣሁት።

ሽማግሌው አልቸኮሉም። መጀመሪያ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረጉ። ሾፌሩን "አምስተኛ ማርሽ አስገባና ፍሬን ያዝ፤ እኔ እስክልህ እግርህን እንዳታነሳ" አሉት። ዘንጉን የሚይዝ ከሌለ እኮ የሚስበው ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። (ጓዳ ገብታችሁ ስለ ሌላው ሰው ዕርቅ የምትጸልዩ እናቶች፣ ፍሬኑን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ እግራችሁን እንዳታነሱ።) ከዚያ የፑሊው ላስቲክ እንዳይቃጠል እየተጠነቀቁ የብሎኑን ጭንቅላት ብቻ በእሳት አሞቁት። ከኪሳቸው ቁራጭ ጧፍ አውጥተው የጋለውን ብረት ነካ አደረጉት። ሰሙ ቀለጠና በጥርሱ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ገባ። እኔ የጴንጤው ፓስተር ጧፍ ለብሎን ሲበራ ሳይ ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም አይተውኝ ሳቁ። ቀጥለው በመዶሻ ሦስት አራቴ ቀጥ አድርገው መቱት። መጨረሻ ላይ መፍቻው እጀታ ላይ ረጅም የብረት ቱቦ አጠለቁና ወደ ግራ፣ ሳይነጥቁ፣ ክብደታቸውን ቀስ እያሉ ጣሉበት።

ጧ! አለ። እኔ የተሰበረ መስሎኝ ነበር፤ ተፈቷል።

አሁን ጣታችሁን ያደረጋችሁበትን ቁጥር አንብቡት። እግዚአብሔር ቃሉን በሁለት ነገር ይመስለዋል፤ በእሳትና ድንጋይ በሚያደቅ መዶሻ። የትኛው ቀድሞ ተጻፈ? እኔ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ፤ ሁልጊዜም መዶሻው ላይ ነበር የምጮኸው። ሰባኪ መዶሻ ይወዳል፣ ምን ይደረግ። ወንድሜን ቀዝቃዛ እንዳለ ነው የቀጠቀጥኩት፤ ጠርዙን ያዶለዶምኩት እኔው ነኝ።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ለባልሽ፣ ለልጅህ፣ ለአማትሽ ጥቅስ እየላካችሁ "ልቡ ደነደነ" የምትሉ፣ በዚያ ሰው ላይ እሳቱ መቼ ደረሰበት? በሕዝቅኤል 36 የድንጋዩን ልብ አወጣለሁ ያለው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ ያንን ሥራ ለእኔም ለእናንተም አልሰጠንም።

በማግስቱ ወንድሜ ቤት ደረስኩ። መጽሐፍ ቅዱሴን ቦርሳዬ ውስጥ ተውኩት። "አያ፣ በአባታችን ተዝካር ቀን የተናገርኩት ጥፋት ነበር፤ ይቅር በለኝ" አልኩት። "ግን" የምትለዋ ቃል እስከ ጥርሴ መጥታ ነበር፤ ዋጥኳት። እሳቱን እያየ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ "ውሃ አምጪለት፣ እግሩን ይታጠብ፤ መንገደኛ ነው" አላት።

እግሬን ስታጠብ ለምን እንደዘገየሁ ጠየቀኝ። ስለ ብሎኑ ነገርኩት።