ስለ ቀጭኗ የውሃ ተርብ ታሪክና ኅልውና

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም በተመረቀው ታላቅ ግድብ አጠገብ ቆሞ ስለ አንዲት ደቂቅ ፍጥረት መናገር ቀልድ ቢመስልም፣ ኑሮዋ ሁሉ ከውሃ ጠባይ ጋር የተቈራኘ ነውና ዓባይ ንጋት ሐይቅ በሆነበት በጉባ ምድር ታሪኳን ማውሳት ያለ ቦታው አይደለም።

ቀጭኗ የውሃ ተርብ ከወፍራሚቱ ዘመዷ የምትለየው ስታርፍ ክንፎቿን በጀርባዋ ላይ ገጥማ በመያዟ ነው፤ እንቍላሏን በውሃ ዳር ተክል ውስጥ ትሰካለች፤ ከዚያ የምትወጣውም ግልገል በጅራቷ ጫፍ ባሉት ሦስት ቅጠል መሳይ መተንፈሻዎች እየተነፈሰች፣ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ በውሃ ውስጥ ደቂቃንን እያደነች ታድጋለች። ለአንዳንዱ ወገን የረጋ ውሃ ይበቃዋል፤ ሌላው ግን ጥሩ ወራጅ ውሃና የዛፍ ጥላ ካላገኘ ዘሩን ሊተካ አይችልም።

የነዚህን ፍጥረታት ጥናት በሥርዓት ካቋቋሙት ሊቃውንት ዋነኛው ቤልጅጋዊው ባሮን ኤድሞን ደ ሴሊስ ሎንሻን (1813–1900 እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ይህ ሰው የአገሩን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በሊቀ መንበርነት እየመራ የተርብን ክንፍ ለመመርመር ጊዜ አለማጣቱን ለሥራ ብዛት ለሚያማርሩ ሹማምንት መንገር ደግ ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የሮማው የሊንቼይ አካዳሚ ወደ ኢትዮጵያ የላካቸው ተጓዦች የሰበሰቧቸውን ተርቦች ካርሎ ኮንሲሊዮ መርምሮ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ በካፋ ስም የተሰየመችውን ቀጭን የውሃ ተርብ፣ ፕሴውዳግሪዮን ካፊኑምን፣ ለዓለም አስታወቀ። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎቹ ቪዮላ ክላውስኒትሰርና ክላስ ዳው ዳይክስትራ የኢትዮጵያን ተርቦች በጠቅላላው እንደገና መርምረው፣ በዓለም ላይ በእኛ አገር ብቻ የሚገኙትን ለይተው ጻፉ። የዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ካፊኑምን በቀይ መዝገቡ ለጥፋት ከተጋለጡት ፍጥረታት ወገን መድቧታል፤ ምክንያቱም ጫካው ሲመነጠር ምንጩ ይሞቃል፣ ዝናብ ያጠበው አፈርም ግልገሎቹ የሚሸሸጉበትን ጠጠር ይደፍነዋል።

ወደ ንጋት ስንመለስ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ሐይቅ ተርብን ሁሉ ያጠፋል የሚል ሥጋት የተጋነነ ይመስለኛል፤ የቆላ ወንዞች ተርቦች አብዛኛዎቹ በአፍሪካ በሰፊው የተሠራጩ ናቸውና፣ ለረጋ ውሃ የሚስማሙትም የሐይቁን ዳር ሣር መውረሳቸው አይቀርም። መጠጊያ የሚያሻው ወራጅ ውሃ የለመደው ወገን ነው፤ እርሱም ከሐይቁ ወደ ገባሮቹ፣ ወደ በለስና ወደ ትናንሽ ጅረቶች ሽቅብ መሸሽ ይኖርበታል። በነዚያ ወንዞች ዳርና ዳር የቆሙት ዛፎች ለእርሻ ወይም ለከሰል ተቈርጠው ካለቁ ግን፣ ወራጁ ውሃ ቢኖርም ጥላው አይኖርም፤ ጎርፉ የሚያወርደው ደለልም መጨረሻው ይኸው ሐይቅ ነው።