ካርቡራተር በግቢ ሲፈታ
(የማኅበሩ ጸሐፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)



የድሮዋ ቮልስ የመጨረሻዋ የተሠራችው ሜክሲኮ ውስጥ በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ያለችንን መጠበቅ ግድ ነው። ካርቡራተሯን በግቢያችን ፈተን የምናድስም አለን። ይህ አይከፋም። ሲፈታ ግን አስቀድሞ የባትሪው ገመድ ይነቀል። ዕቃው በተፈታበት ተራ ጨርቅ ላይ ይደርደር። የቤንዚን ማለፊያዋ ቀዳዳ በአየር ትነፋ እንጂ ሽቦ አይግባባት፤ ከሰፋች ቤንዚን ትፈጃለች። አሮጌ ጓርኒሲዮንም አይመለስ፣ ያንጠባጥባል።

ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። ባለፈው እሑድ እኔው ራሴ ካርቡራተሩን በቤንዚን ሳጥብ ባለቤቴ ራቅ ብላ ቡና ታፈላ ነበር። ራቅ ማለቷ ይበቃል ብዬ ነበር፤ አልበቃም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ ከሰሉን አገኘና ቦግ አለ። የስድስት ዓመት ልጄ አጠገቤ ቆሞ ካቻቢቴ ያቀብለኝ ነበር። ጎረቤቶች ደርሰው አሸዋ ባይደፉበት ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። እግዜር ይስጣቸው።

እንግዲህ አደራ! ቤንዚን በተከፈተበት ግቢ ከሰል፣ ሲጋራ፣ ክብሪት አይኑር። ልጆች ይራቁ። አንድ ባልዲ አሸዋ ይቅረብ። እኔ ያፈርኩበትን እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።