ያልጎደለ ድምፅና ሽቦ አልባ መንገዱ

(በማኅበራችን የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የአገራችንን ዜማ የሚያጠና ሰው ሁሉ አራቱን ዋና ዋና ቅኝቶች ያውቃል፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ስሙን የሚጋራት የባቲ ከተማ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች፤ የዞኑም መቀመጫ ከሚሴ ናት። ከዚያ አገር የሚወጣው ዜማ፣ ማሲንቆውና ክራሩ፣ የመንዙማው ድቤና ጭብጨባ፣ የአማርኛውና የኦሮምኛው ዘፈን፣ ዛሬ ወደ ጆሯችን የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ ስልክ ተነሥቶ በብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ወይም ሽቦ በሌለው የጆሮ ማዳመጫ በኩል ነው። እንግዲህ ልንመረምረው የተነሣንበት ጥያቄ ይህ ነው፤ በዚህ ጉዞ ላይ ከዜማው ምን ያህሉ ይጎድላል? ጉድለቱስ ሊያሳስበን የሚገባው መቼ ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ቁጥሩን እንመልከት። በሲዲ ደረጃ የተቀዳ ድምፅ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ በ16 ቢት ይጻፋል። የቀኝና የግራው ሲደመር በሴኮንድ 1,411 ኪሎ ቢት ያህል ይሆናል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ፍላክ የተባለው ስልት ይህንኑ አንዲት ቢት ሳያጎድል ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሹ ገደማ ያጥፈዋል፤ ሲፈታም እንደ ነበረው ይመለሳል። ኤም ፒ 3 ግን ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ቆርጦ ይጥላል፤ የጣለውንም መልሶ አያመጣም። በኢንተርኔት «ያልጎደለ» እየተባለ የሚቀርበው ሙዚቃ የፍላክን መንገድ የተከተለው ነው።

ያልጎደለው ሙዚቃ እስከ ስልካችን ድረስ በደኅና መጣ እንበል። ጠባቡ በር ከስልኩ እስከ ማጉያው ባለው ጥቂት ሜትር ላይ ይገኛል። ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ነው፤ በዚያው ሰፈር ዋይ ፋይና የማይክሮዌቭ ምድጃም አሉ። ከእነዚህ ጋር እንዳይጋጭ ብሉቱዝ በ79 መሥመሮች ላይ በሴኮንድ 1,600 ጊዜ እየዘለለ ይናገራል። የሰው ገላም ብዙው ውኃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል፤ ስልኩን በኋላ ኪሱ የከተተ ሰው ዘፈኑ የሚቆራረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ድምፁ ከመላኩ በፊት ይጨመቃል። የብሉቱዝ ሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ ሊኖረው ግዴታ የሆነው ኤስ ቢ ሲ የተባለው መጨመቂያ፣ በተለመደው ከፍተኛ ደረጃው በሴኮንድ የሚልከው 328 ኪሎ ቢት ያህል ነው። ይህም ከ1,411 ሩብ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ዘፈን በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ስንላላክ ፋይሉ ምንም ሳይጎድልበት ይደርሳል፤ ታዲያ ያው ብሉቱዝ ሲያጫውት ስለ ምን ያጎድላል? መልሱ ጊዜ ነው። ፋይል ሲላክ የተበላሸው ቁራጭ ደግሞ ይላካል፤ ተቀባዩም ታግሦ ይጠብቃል። ሙዚቃ ሲጫወት ግን ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ማጉያው ጥቂት ድምፅ አስቀድሞ ቢያጠራቅም እንኳ ጥርቅሙ ሲያልቅበት ዝም ይላል። ጭነቱ በቀለለ መጠን መቆራረጡ ስለሚያንስ መጨመቅ ተመረጠ።

መድኃኒት አልተፈለገም ማለታችን አይደለም። የሶኒ ኩባንያ ኤልዳክ በሴኮንድ እስከ 990 ኪሎ ቢት ይልካል፤ ሞገዱ ሲዳከም ግን ወደ 660 ወይም ወደ 330 ይወርዳል። ኳልኮም በ2021 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው አፕቴክስ ሎስለስ ሁኔታው ሲመች የሲዲውን ደረጃ ሳያጎድል ያደርሳል። ዳሩ ግን በባቲ የሰኞ ገበያ ሻጭና ገዥ መግባቢያ ቋንቋ እንደሚያሻቸው ሁሉ፣ ስልኩና ማዳመጫው ያንኑ ስልት ሁለቱም ማወቅ አለባቸው፤ አንዱ ካላወቀ ሁለቱም ወደሚያውቁት ዝቅ ይላሉ። አፕልም በዚያው ዓመት ያልጎደለ ሙዚቃ ማቅረብ ሲጀምር፣ በብሉቱዝ ማዳመጫ እንደማይገኝ ራሱ ተናግሯል። ጉድለት የማይሻ ሰው ዛሬም ቀላሉ መንገዱ ሽቦ ነው፤ ሰፊ መንገድ ያለው የዋይ ፋይ ማጉያም ይሆነዋል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ ነው» ይሉ ይሆናል። በከፊል እውነት አላቸው። በከሚሴ፣ የአዲስ አበባና የደሴ መኪና በሚያልፍበት አውራ ጎዳና ዳር፣ ሻይ እየጠጣ በትንሽ ማጉያ ለሚያዳምጥ ሰው ልዩነቱ አይሰማውም። እንዲያውም ሒሳቡ ለእነርሱ ይመሰክራል። አንድ ሰዓት የሲዲ ደረጃ ሙዚቃ ሳይታጠፍ 635 ሜጋ ባይት ነው፤ ፍላክ በግማሽ ቢያጥፈው 318 ያህል ይሆናል፤ በኤስ ቢ ሲ የሚያልፈው ግን 148 ገደማ ነው። ስለዚህ ያልጎደለውን ከኢንተርኔት እያወረደ በተራ ብሉቱዝ የሚያዳምጥ ተማሪ፣ ጆሮው ከሚያገኘው ከእጥፍ በላይ ለሆነ ዳታ ገንዘቡን ይከፍላል። ይህ ብልኅነት አይደለም።

ነገር ግን በማዳመጥ የሚመጣ ጉድለትና በማስቀመጥ የሚመጣ ጉድለት ለየብቻ ናቸው። ማጉያው የጣለው ነገ በሽቦ ቢደመጥ ይገኛል፤ ዋናው አለና። ዋናው ራሱ ተቆርጦ የተቀመጠ እንደሆነ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ዛሬ በሠርግና በሐድራ የሚዜመው በእጅ ስልክ ይቀዳል፤ በቀረጻው ጊዜ ይጨመቃል፤ ተልኮ ከቪድዮ ጋር ሲደባለቅ እንደገና ይጨመቃል፤ በመጨረሻም ብሉቱዝ ሦስተኛ ጊዜ ይጨምቀዋል። የአንዱ ጉድለት በሌላው ላይ ይደረባል። በተለይ ጭብጨባና የክራር ምት ድንገት የሚነሡ ድምፆች ስለሆኑ በከባድ መጨመቅ ቶሎ ይደበዝዛሉ፤ የማሲንቆውም የጭራ ፍትጊያ እንዲሁ። ዜማውን የያዙት አዛውንት ካለፉ በኋላ የምንጠይቀው ቅጂውን ብቻ ነው።

ስለሆነም ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ሦስት ነገር እንድናደርግ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ባለዜማውን አስፈቅደን ስንቀዳ በዌቭ ወይም በፍላክ እንቅዳ፤ የሰውየውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን አብረን እንጻፍ። ሁለተኛ፣ ዋናውን ቅጂ በድምፅ መልእክት አንላከው፤ ሳይነካ እንደ ፋይል ገልብጠን በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ እናስቀምጠው። ሦስተኛ፣ ለጨዋታና ለመዝናኛ የሚሆነውን ቀለል ያለ ግልባጭ ያለ ስስት እናድል፤ በብሉቱዝ ማዳመጥም አያሳፍርም።

መምህራኖቻችንንም የምንለምነው አለ። ይህ ቅጂ ከተማሪ ኪስ ወጥቶ በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ እንደ መጽሐፍ ተመዝግቦ የሚቀመጥበትን መንገድ ይፈልጉልን። የማጫወቻው መሣሪያ በየዓመቱ ይሻሻላል፤ የነገው ማጉያ ከዛሬው የተሻለ እንደሚሆን አንጠራጠርም። ያ ማጉያ ሲመጣ የሚያሰማው ሙሉ የባቲ ዜማ ይገኝ ዘንድ ግን የዛሬው ሥራ የእኛ ነው።