ከፎቶው ስር የቀረ ስም
(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የዓመቱ የሂሳብ ሪፖርት ጠዋት ቀርቦ ስለጸደቀ ወደ እሱ አንመለስም። ይህች ጊዜ የተሰጠችን ባለፈው እትም የጀርባ ሽፋን ላይ ስለወጣችው ፎቶ እንድንናገር ነው። ፎቶዋን ታስታውሷታላችሁ፤ ጥቁር መደብ፣ ብዙ ከዋክብት፣ በመሃል ደብዘዝ ያለ ቀይ ጭረት፣ በጭረቱ ላይ ደግሞ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ጥቁር ነገር። አንዲት አባላችን "ማተሚያ ቤቱ ቀለም አፍስሶባችኋል" ብላናለች። አልፈረድንባትም።

ከዚያ እትም በኋላ ሁለት ጥያቄ ደረሰን። አንደኛው ከደጋፊዎቻችን ነው፤ ጥርት ያለ የሰማይ ፎቶ ከኢንተርኔት በነጻ ማግኘት ሲቻል ለምን ይህን አተማችሁ የሚል። ሁለተኛው ከአባላት ነው፤ ካሜራው የተገዛው ባናችንንና ጋቢያችንን ፎቶ አንስተን ለገበያ እንድናቀርብበት፣ ሰርግም እንድናነሳበት ሆኖ ሳለ ሌሊት ጓሳ ላይ ምን ይሠራል የሚል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ማንም ያልጠየቀን፣ ግን ያለብን ዕዳ ደግሞ አለ፤ እሱን ወደ በኋላ እናመጣዋለን።

ነገሩ የጀመረው የአባላት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በሚያጠኑበት ክፍል ነው። ስለ ሴት ሳይንቲስቶች ስናነብ የዊሊያሚና ፍሌሚንግን ታሪክ አገኘን። በ1857 በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ ተወልዳ በ1878 ከባሏ ጋር ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቦስተን የተሻገረች ሴት ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ባሏ ነፍሰ ጡር ሳለች ጥሏት ሄደ። እንጀራ ፍለጋ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች፤ አሠሪዋ የሃርቫርድ ኮሌጅ የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ ኤድዋርድ ፒከሪንግ ነበር። እሱም በ1881 በመመልከቻው ውስጥ ቀጠራት። ሥራዋ ቴሌስኮፕ ውስጥ ማየት አልነበረም። በመስታወት ላይ የተነሱ የሰማይ ፎቶዎችን በማጉያ መነጽር እያየች መለካት፣ ማስላት፣ መመዝገብ ነበር። እንደኛው የመዝገብ ሰው ነበረች ማለት ነው።

በ1888 ከእነዚያ መስታወቶች በአንዱ ላይ፣ ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ወገብ ላይ ከተደረደሩት ሦስት ኮከቦች አልኒታክ ከምትባለው በታች፣ በደብዛዛ ብርሃን መካከል የተነከሰ የሚመስል ጥቁር ግማሽ ክብ አየችና መዘገበችው። ዛሬ የፈረስ ራስ ኔቡላ ይባላል። ኔቡላ በከዋክብት መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ከኋላ ያለው የሃይድሮጂን ጋዝ በቀይ ያበራል፤ ከፊት ያለው ወፍራም አቧራ ያንን ብርሃን ሲከልለው የፈረስ አንገትና ራስ የሚመስል ጥላ ይታያል። ከእኛ ወደ 1,400 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃን መንገድ የጀመረው እኛ አገር የአክሱም መንግሥት በነበረበት ዘመን ነው።

ልጆቹን የያዛቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ድሬየር የሚባል ተመራማሪ በ1895 ባሳተመው የሰማይ ማውጫ ላይ ከሃርቫርድ ለተገኙት የጻፈው ስም "ፒከሪንግ" የሚል ብቻ ነበር። በ1908 በወጣው ሁለተኛው ማውጫ ለኋለኞቹ ግኝቶቿ የፍሌሚንግ ስም ገባ፤ የፈረስ ራሱ ግን እንደቀረ ቀረ። ደመወዟንም ሳናነሳ አናልፍም፣ የሂሳብ ሰዎች ነንና። በ1899 የመመልከቻው የከዋክብት ፎቶዎች ኃላፊ ሆና በይፋ ተሹማ ነበር። በ1900 በያዘችው የዕለት ማስታወሻ ላይ እሷ በዓመት 1,500 ዶላር ስታገኝ ከወንዶቹ አንዳንዶቹ 2,500 እንደሚያገኙ ጽፋ አማርራለች።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ "እኛስ ልናየው እንችላለን?" አለችን። በዓይን አይሆንም። ያ ቀይ ብርሃን በጨለማ ዓይናችን እምብዛም የማይቀበለው ዓይነት ነው። ካሜራም ይቸገራል፤ እንደኛ ያለው የሰርግ ካሜራ ብርሃን ከሚቀበለው ክፍሉ ፊት ማጣሪያ ተገጥሞለታል፣ የሰው ፊት ትክክለኛ መልኩን እንዲይዝ ሲባል ያንን ቀይ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ስለዚህ የቀረን መንገድ በጣም ጨለማ ቦታ ሄዶ ረጅም ሰዓት ብርሃን ማጠራቀም ብቻ ነበር።

ጨለማው በእጃችን ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ፣ ጣርማበርን አልፋችሁ ወደ መሐል ሜዳ ስትሄዱ የመንዝ ጓሳን ታገኛላችሁ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ሜዳ። በሣሩ፣ በጭላዳውና በቀይ ቀበሮው ይታወቃል። ጨለማውን ሲያወድስ የሰማነው ሰው ግን የለም።

ብርሃን ማጠራቀሙ ነው ያስቸገረን። መሬት ስለምትዞር ካሜራውን አቁመን 30 ሰከንድ ብንከፍተው ኮከቡ ሁሉ ጭረት ይሆናል። ካሜራውን ከሰማዩ ጋር እኩል የሚያዞር መሣሪያ ይሸጣል፣ የዋጋው ነገር ግን አይነሳ። በእሱ ፋንታ ሁለት ቁራጭ ጣውላ፣ አንድ የበር ማጠፊያ፣ ጥርሱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ረጅም ብሎንና ዳዶ ከኪሳችን ገዛን። ብሎኑ ከማጠፊያው 22.9 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይገባል። በየደቂቃው አንድ ሙሉ ዙር ሲያዞሩት ካሜራውን የተሸከመው ላይኛው ጣውላ በሰማዩ ፍጥነት ይከፈታል። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋግመን ሠርተነዋል። አናጢው ግን ልኩን ስንነግረው "ለበር ነው ለመስኮት?" ብሎ ጠይቆናል።

ማን ያዙረው? የስልክ ሰዓት እያዩ በየ15 ሰከንዱ ሩብ ዙር፣ ጣውላውን ሳይነቀንቁ፣ ለሰዓታት። እኛ ግቢያችን ውስጥ ሞክረን ነበር፤ ወይ እጃችን ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ወሬ ይዘን እንረሳለን። በመጨረሻ ሱፍ የሚፈትሉልን እትዬ ተጠየቁ። ስማቸውን አሁን አንጠራም፤ ምክንያቱን ትሰማላችሁ። እትዬ 11 ዓመት አረብ አገር ሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ አባላችን ናቸው። ብሎኑን አንድ ሁለቴ አዙረው አዩትና "እንዝርት ያዞረ እጅ ይኼ ያቅተዋል?" አሉን።

በታህሳስ፣ ጨረቃ በጠፋችበት ሰሞን፣ ስምንት ሴቶችና ሁለት ልጆች ሆነን ወጣን። የሚኒባሱን ነዳጅ አዋጣን፤ ለካሜራው ፈርመን ተረከብን። ከማህበሩ ካዝና አንድ ብር አልወጣም። ሰነዱ ፋይል ውስጥ አለ፣ የፈለገ ያየዋል።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ታጠበ ነበር። ፀሐይ ስትገባ ከቆላው በኩል ጉም ተነሳና ሜዳውን ዋጠው። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠን ቆሎ በላን። የጣውላው ማጠፊያ ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት። ኮከቧ ከአድማስ የምትርቀው ቦታው ከምድር ወገብ በሚርቅበት ዲግሪ ልክ ነው፤ እኛ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆንን ከኮረብታው ጫፍ ትንሽ ብቻ ከፍ ብላ፣ ጉሙ ከሚተኛበት ቦታ ላይ ትገኛለች። ያየናት ለአምስት ደቂቃ ያህል ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ጣውላውን አስተካከልን፣ ከስሩ ድንጋይ ደገፍን፣ ከዚያ ወዲያ የነካው የለም።

ከዚያ ብርዱ መጣ። የካሜራው ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ መለዋወጫውን በየተራ ብብታችን ውስጥ ይዘን አሞቅን። ሌንሱ ላይ ጤዛ ሲይዝ በጨርቅ መጥረግ አላዋጣም፣ ወዲያው ይመለሳል። እናቶቻችን ለወገብ ሕመም እንደሚያደርጉት ጨው በመጥበሻ አሙቀን፣ ካልሲ ውስጥ ከትተን ሌንሱን ዙሪያውን አሰርንለት። ይህ ሠርቷል፤ ለሚሞክረው ሁሉ እንመክራለን። ነጭ መብራት የለመደ ዓይን ጨለማ ውስጥ ስለማያይ የእጅ ባትሪያችንን በቀይ ፌስታል ሸፈንን። ይህን ሁሉ ተጠንቅቀን ስናበቃ አምስት ሰዓት ላይ ከመካከላችን አንዷ ፔርሙዝ ፍለጋ የመኪናውን የፊት መብራት አበራችው። ማን እንደሆነች እናውቃለን፣ ይቅርታም ጠይቃለች።

ንፋሱ ግን ይቅርታ አያውቅም። ሲነፍስ ጣውላው ይርገበገባል፣ ኮከቦቹም ይንሻፈፋሉ። እትዬ ባና ተከናንበው በርጩማ ላይ ተቀምጠው "አንድ፣ ሁለት" እያሉ ያዞራሉ። እንተካዎ ስንላቸው "ቆጠራዬን አታበላሹብኝ" ይሉናል። ስድስት ሰዓት ላይ የኦሪዮን ወገብ ከአናታችን በላይ ደረሰ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጉሙ ተመልሶ መጣና ዘጋብን፤ በዚያው አበቃ።

አሁን ቁጥሩን እንስጣችሁ። ያቀድነው እያንዳንዱ 30 ሰከንድ የሆነ 240 ፎቶ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ነበር። ያነሳነው 186 ነው። በንፋስና በመነቅነቅ የተበላሸ 61፣ ጉም የገባበት 44፣ የመኪና መብራት ያቃጠለው 4። ቀሪ 77። በጊዜ ሲሰላ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ተኩል ብርሃን ነው።

ጉም የገባባቸውን 44ቱን እንጨምራቸው የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። "121 ብንል አይሻልም?" ተባለ። እዚህ ላይ ተከራክረናል፣ ድምጻችንም ከፍ ብሎ ነበር። ጉም ያለበት ፎቶ ሲደመር ኔቡላውን አያጎላም፣ ግራጫውን ነው የሚያጎላው። ሥልጠና ያቋረጡትን ሳይቀር ቆጥሮ "ይህን ያህል ሰው አሠለጠንን" የሚል ሪፖርት ከዚህ በፊት በየቦታው አይተናል፤ የእኛ ሂሳብ ክፍል ያን አይፈርምም። 44ቱ ወጡ።

የቀሩትን 77 ሲሪል በሚባል በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ደመርናቸው። አሠራሩ እቁብ ለምታውቁ አይከብድም። በአንዷ ፎቶ ላይ ኔቡላው የለም ማለት ይቻላል፣ ከካሜራው የራሱ ጉድፍ አይለይም። ጉድፉ ግን በየፎቶው ቦታ ይቀያይራል፤ ኔቡላው አይቀያይርም። ሲደማመሩ ጉድፉ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ እውነተኛው ብርሃን ይከማቻል። ትርፉ ግን በስኩዌር ሩት ነው የሚያድገው፤ ጥራቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ፎቶ ይጠይቃል። 77 ፎቶ ከአንዷ ወደ ዘጠኝ እጥፍ የሚጠጋ ጥራት ይሰጣል። በተጨማሪም እዚያው ብርዱ ላይ ሌንሱን ከድነን 20 ጥቁር ፎቶ አንስተን ነበር። እነሱ ላይ ያለው የካሜራው ጥፋት ብቻ ስለሆነ ከሌሎቹ ይቀነሳል፤ ሳይታረቅ የባንክ ሂሳብ አይዘጋምና።

ውጤቱ መጀመሪያ ሲወጣ ግራጫ ነበር። ሁለት ቀን ብርሃኑን ስናነሳና ስንጥል ቆይተን ቀይ ጭረት አገኘን። ፈረሱን ግን አጣነው። ጉሙ በልቶታል ብለን ኮምፒውተሩን ልንዘጋ ስንል እትዬ ሱፍ ሊያስመዝኑ ገቡ። ቆመው አዩና "ይቺ ቀዩ ላይ የተነከሰችው ምንድን ናት?" አሉ። ቀጥለውም "ፈረስ አይደል እንዴ፣ ያቀረቀረ" አሉ። ካርታው ላይ አመሳከርን። ከአልኒታክ በታች፣ ልክ በቦታዋ ነበረች። ታሪኩን ያነበብነው እኛ ነን፤ ያዩት ግን እሳቸው ናቸው።

ለደጋፊያችን ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የኢንተርኔቱ ፎቶ ያምራል፣ ግን የሌላ ሰው ደረሰኝ ነው። በሌላ ሰው ደረሰኝ ሂሳብ አናወራርድም። ካሜራውም በደህና ተመልሷል፤ ብርድ ውስጥ ያደረ ካሜራ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ስለሚያልበው በፌስታል አስረን ነው ያስገባነው።

አሁን ዕዳችን። ባለፈው እትም ከፎቶው ስር የተጻፈው "ፎቶ፦ የማህበሩ ሂሳብ ክፍል" የሚል ነው። የጻፍነውም፣ ያረምነውም፣ ለማተሚያ ቤት የላክነውም እኛው ነን። ድሬየር በ1895 ያደረገውን ለልጆች አስተምረን፣ ወር ሳይሞላን ራሳችን ደገምነው። የታየንም እኛ አይደለንም። ያቺ የስምንተኛ ክፍል ልጅ እትሙን ይዛ ቢሮ መጣችና ጣቷን መግለጫው ላይ አድርጋ "እትዬስ?" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

በሂሳብ ደንብ የተሳሳተ መዝገብ አይፋቅም፤ የማስተካከያ ምዝገባ ይሠራለታል። የባለፈው እትም እንዳለ ይቀመጣል፣ ፎቶው በሚቀጥለው እትም ከነትክክለኛው ስም እንደገና ይወጣል። እትዬ ዘንድ ሄደን ይቅርታ ጠይቀን ስማቸው እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ስንጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉ። አረብ አገር አሠሪዎቻቸው ስማቸው አልያዝ ብሏቸው በሌላ ስም ይጠሯቸው ነበር፤ 11 ዓመት በዚያ ስም "አቤት" ብለዋል። "ከነአባቴ ከነአያቴ ይጻፍ" አሉን። ደግሞም "ጉባኤው ላይ እናንተ አትጥሩልኝ፣ እኔው ራሴ እናገረዋለሁ" አሉ።

ስማቸውን እስካሁን ያልጠራነው ለዚህ ነው። እትዬ፣ ይኸው ማይኩ፤ ብድግ ይበሉልን።