በክትባት ደጃፍ ስለሚጠየቅ ገንዘብ



ሰው ደዌ ሲጸናበት ጥሪቱን ሁሉ ሸጦ ፈውስን ለመሻት ባያመነታም፣ ገና ያልደረሰበትን ሕመም ለመከላከል ግን ጥቂት ገንዘብ ማውጣት የሚከብደው ፍጥረት ነውና፣ በምንኖርበት በአሜሪካ አገር የጤና መድን ከባለ ዋስትናው የሚጠይቀው የክፍያ ድርሻ በወጣቶች ክትባት ላይ ምን ጉዳት እንዳደረሰ፣ ሕግስ ይህን ጉዳት እስከ ምን ድረስ እንዳቃናው ለመናገር በፊታችሁ ቆሜያለሁ፤ ዓመታቱንም በዚሁ አገር አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ወርኃዊ መዋጮውን የከፈለ ሰው ወደ ሐኪም በሄደ ቁጥር ከኪሱ እንዲጨምር የሚደረገው፣ ሕክምና ያለ ዋጋ ከተሰጠ ይባክናል በሚል አሳብ ነው። አሳቡ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ከ1974 እስከ 1982 ድረስ ቤተ ሰቦችን በዕጣ ለይቶ፣ ለአንዳንዶቹ ሕክምናውን በነጻ እየሰጠ፣ ሌሎቹን ከወጪው ሩቡን፣ እኩሌታውን፣ እስከ 95 በመቶም እያስከፈለ በመረመረ ጊዜ፣ ክፍያ የተጣለባቸው ሰዎች የማያስፈልጋቸውን ሕክምና ብቻ ሳይሆን የሚያስፈልጋቸውንም በዚያው መጠን ያህል እንደ ተዉ ተገለጠ፤ ዋጋ የሚያባርረው ሰው ስንዴውን ከእንክርዳዱ ለመለየት ፋታ የለውምና።

ይህ ነገር በክትባት ላይ ሲሆን ይብሳል። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያስከትለውን ኤች ፒ ቪ የተባለውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በ2006 ሲፈቀድ የአንዱ መርፌ ዋጋ 120 ዶላር ያህል ነበር፤ መርፌው ሦስት ጊዜ ይወጋ ስለ ነበረ ጠቅላላው 360 ዶላር ይደርስ ነበር፤ መድኑ ከወጣቱ አምስተኛውን እጅ ብቻ ቢጠይቅ እንኳ 72 ዶላር ነበር። ገና ከተማሪ ቤት ወጥቶ በሰዓት ደመወዝ የሚተዳደር፣ ሰውነቱም ጤናማ የሆነ ጎልማሳ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊመጣ ወይም ላይመጣ ስለሚችል ደዌ፣ ያውም ጥቅሙ ለሌላው ሰው ጭምር የሚተርፍ ሆኖ ሳለ፣ ያን ገንዘብ ከቤት ኪራዩ ቀንሶ እንዲከፍል መጠበቅ የሰውን ባሕርይ አለማወቅ ነው፤ ሳይከተብ ቢቀርም ሰነፍ ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም።

አገሪቱ ይህን የተማረችው በመቅሠፍት ነው። ከ1989 እስከ 1991 ኩፍኝ ተነሥቶ ከ55 ሺህ በላይ ሰዎች ታመው ከ120 በላይ ሲሞቱ፣ ከድውያኑ ብዙዎቹ ለተማሪ ቤት ያልደረሱና ያልተከተቡ ሕፃናት ሆነው ስለ ተገኙ፣ ምክር ቤቱ በ1993 ባወጣው ሕግ መድን የሌላቸውና ሜዲኬድ በተባለው የድሆች የመንግሥት መድን የሚታከሙ ልጆች ክትባትን ያለ ዋጋ እንዲያገኙ ሆነ። ይህ በር ግን ልጁ 19 ዓመት በሞላው ዕለት ይዘጋል፤ የሚዘጋውም ወጣቱ ራሱን መቻል በጀመረበት፣ ደመወዙም ትንሽ በሆነበት ጊዜ ነው። ክፍተቱን ይልቁን ያጠበበው የ2010 ሕግ ሲሆን፣ መድን ሰጪዎች፣ ሰዎች እንዲወስዷቸው የተመከሩትን ክትባቶች አንዲት ሳንቲም ሳይጠይቁ እንዲሸፍኑ፣ ልጅም እስከ 26 ዓመቱ በወላጆቹ መድን ሥር እንዲቆይ አዘዘ። ይሁን እንጂ ከሕጉ በፊት የነበሩ አንዳንድ ውሎች ከክትባቱ ትእዛዝ ነጻ ናቸው፤ ከመድን ሰጪው ጋር ያልተዋዋለ ሐኪምም ሊያስከፍል ይችላል፤ መድን የሌለው ወጣት ደግሞ ከነጭራሹ ከበረከቱ ውጭ ቀርቷል።

በአገራችን በኢትዮጵያ ይኸው የኤች ፒ ቪ ክትባት በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በየተማሪ ቤታቸው ያለ ክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ ወላጅም የመድን ወረቀት አይጠየቅበትም። እዚህ ግን አንድ ጊዜ ያልጠበቀው የሐኪም ሒሳብ በፖስታ የደረሰበት ቤተ ሰብ፣ ነጻ የተባለውንም መርፌ በጥርጣሬ ማየቱ አይፈረድበትም፤ ዋጋው ቢነሣም ፍርሃቱ ገና አልተነሣምና።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰባችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ 19 ዓመት ሳይሞላው የክትባት ካርዱን አውጥታችሁ ለሐኪሙ እንድታሳዩ፣ የቀረ ክትባት ቢኖርም ያለ ክፍያ የሚሰጥበትን ቦታ በግልጥ እንድትጠይቁ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።